ብይና የእማዬ ሊሾ

ቅዳሜ ሽሮ ሜዳ እማዬ ቤት ስሄድ የእህቴ ልጅ የፊዚክስ ሥራውን ይዞ ጠበቀኝ። የሚንከባለል ኳስ እስኪቆም ፍጥነቱ በምን ያህል እንደሚቀንስ ለኩ ተብለዋል። ኳስ ፈልገን ስናጣ ከኪሱ ብይ አወጣ።

መጀመሪያ በእጃችን ገፋነው። አይሆንም፤ አንዴ ይጠነክራል፣ አንዴ ይላላል። ጣውላ መጻሕፍት ላይ አስደግፈን ከ7 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ለቀቅነው። እንዲህ ሲሆን ወለሉ ላይ ሁሌ በሰከንድ 1 ሜትር ገደማ ይዞ ይደርሳል። ሰዓቱን በሞባይል ያዝን። ርቀቱን በእማዬ የስፌት ሜትር፣ 1.5 ሜትር ብቻ ስለሆነች እያዘዋወርን። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ርቀቱን በ2 አባዝቶ ለጊዜው ካሬ ማካፈል።

ወደ በሩ ስንለቀው በ10 ሰከንድ 5 ሜትር ሄዶ ቆመ። ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ0.1 (ሜትር በሰከንድ) ቀንሷል ማለት ነው። ከበሩ ወደ ጓዳ ስንለቀው ግን 2.5 ሜትር ላይ ቀጥ አለ፤ 5 ሰከንድ። 0.2! ያው ብይ፣ ያው ሊሾ። ልጁ "ተሳስተናል" ብሎ ሊሰርዝ ሲል እጁን ያዝኩት።

እማዬ ከጓዳ ሆና "ወለሉን ሳጥብ ውሃው ወደ በር አይደል እንዴ የሚሄደው?" አለች።

ለካ ወለሉ ዘሟል። አንዱ ጉዞ ቁልቁለት፣ ሌላው ዳገት። የሁለቱ አማካይ 0.15 የብዩና የሊሾው ድርሻ ነው፤ የቀረው 0.05 የዘመመው ወለል። ድፍን ኳስ ቁልቁል ሲንከባለል ለመሽከርከርም ጉልበት ስለሚያወጣ ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚጨምረው ያለ ሰበቃ ቢንሸራተት ከሚጨምረው 5/7ኛውን ብቻ ነው። የስበት 9.8 በ5/7 ሲባዛ 7 ስለሚሆን 0.05ን ለ7 አካፈልን፤ በየሜትሩ 7 ሚሊ ሜትር ዝቅታ። ከጎረቤት ግንበኛ ባለ 60 ሳንቲ ሜትር ውሃ ልክ ተዋስን። አረፋዋ መሃል እስክትገባ በበሩ በኩል 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ካርቶን ደረደርንበት። ልክ ገጠመ! አልዋሽም፣ ልጨፍር ምንም አልቀረኝም።

ከልጁ ጋር የተከራከርነው ሌላ ነው። "ብዩን ያቆመው ሰበቃ ነው" ብሎ ሊጽፍ ነበር። ሰበቃ ባይኖርማ ይንሸራተት ነበር እንጂ መች ይንከባለላል? ጉልበቱን የሚበሉት የሊሾው ሻካራነት፣ አቧራው፣ ያ ኩርርር የሚለው ድምፅ ሳይቀር ነው።

እማዬ ለበዓል ሊሾውን በሰም ልትወለውለው ነው። ያኔ 0.15ቱ ስንት እንደሚሆን እናያለን። ብዩን እኔ ጋ አስቀርቼዋለሁ።