ላርጎ ቶታል 72

ኮምቦልቻ፣ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ቤቴ ግን ደሴ ነው። ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ተራራ ወርጄ ማታ ሐረጎን እወጣለሁ። መንገዱ ከ20 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ጠመዝማዛ ስለሆነ ግን ጊዜ ይፈጃል። ያንን ጊዜ ስፓኒሽ መማሪያ አደረግኩት። ከደንበኞቻችን አንዱ ስፔን ስለሆነ ለሥራዬ ይጠቅመኛል ብዬ ነው የጀመርኩት።

በሦስተኛው ወር የሚጠቅምበት ቀን የመጣ መሰለኝ።

የሸሚዝ ሳምፕል፣ የናሙና ማለት ነው፣ ማዘዣ በኢሜይል ደረሰን። ሁልጊዜ በስፓኒሹ ጎን እንግሊዝኛው አብሮ ይመጣ ነበር፤ የዚያን ቀን ስፓኒሹ ብቻ መጣ። አለቃችን አዲስ አበባ ነበር፣ ስልኩም አይነሳም። «ስጡኝ፣ እኔ አነበዋለሁ» አልኩ። ወረቀቱ ላይ ከተደረደሩት መስመሮች አንዱ «ላርጎ ቶታል 72» ይላል። ዓይኔ እዚያ ላይ ቆመ። ቶታል ማለት ጠቅላላ ነው፣ ይሄ አያከራክርም። ላርጎ ደግሞ ያው ላርጅ ነው አልኩ፣ ኤል ሳይዝ። በቃ፣ ኤል ሳይዝ፣ ጠቅላላ 72 ሸሚዝ! እዚያው ወረቀት ላይ በእጄ ጽፌ ጨርቅ ለሚቆርጠው ለከቲንግ ክፍል ሰጠሁ።

ሳምፕል ብዙ ጊዜ 3 ወይም 5 ነው የምንሠራው። 72 ሲሆን ግር ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ቋንቋ ገና ሲገባችሁ የሚመጣ ደስታ አለ። የገባኝ ስለመሰለኝ ያልገቡኝን ሌሎች መስመሮች ዘልዬ አለፍኩ።

ከቲንግ ላይ የሚሠሩ አንዲት እትዬ አሉን። ከዚህ ሥራ ጋር ያረጁ ሴት ናቸው፣ ሜትር ከአንገታቸው አይወርድም። ጨርቁን ማንጠፍ አስጀምረው ወረቀቱን ይዘው ወደኔ መጡ።

«አንተ ልጅ፣ 72ቱስ እሺ። ይሄ ከሥሩ ያለው 56 ምንድነው? 64ስ?»

አየሁት። «አንቾ ፔቾ 56»፣ «ላርጎ ማንጋ 64» ይላል። መልስ አልነበረኝም።

እሳቸው ምንም አላሉም። ሜትሩን ከአንገታቸው አወረዱና አጠገባችን ተሰቅሎ የነበረ ሸሚዝ ላይ ከትከሻ እስከ ታች ለኩት፣ ከዚያ ደረቱን፣ ከዚያ እጅጌውን። ቁጥሮቹ ከወረቀቱ ጋር በአንድ በሁለት ሴንቲ ነው የሚለያዩት። «ወላሂ፣ ይሄ ልኬት ነው» አሉኝ። አንድ የስፓኒሽ ቃል የማያውቁ ሴት ወረቀቱን ከእኔ በተሻለ አነበቡት። ፊቴ ሲለዋወጥ አይተው ነው መሰለኝ «አብሽር፣ መቀስ አልነካውም» አሉኝ። ለአንድ ሸሚዝ አንድ ሜትር ተኩል ብንይዝ እንኳ ከ100 ሜትር በላይ ጨርቅ ነበር የሚባክነው፣ በእኔ ፊርማ።

ላርጎ ማለት ረጅም ወይም ርዝመት ነው። ትልቅ ለማለት ግራንዴ ይላሉ። ላርጎ ቶታል ጠቅላላ ርዝመት፣ አንቾ ፔቾ የደረት ስፋት፣ ላርጎ ማንጋ የእጅጌ ርዝመት። የእንግሊዝኛው ላርጅም የስፓኒሹ ላርጎም የመጡት ከአንድ የላቲን ቃል ነው፤ ያ ቃል ብዙ፣ የተትረፈረፈ ማለት ነበር። በእንግሊዝኛ ወደ ትልቅ ሄደ፣ በስፓኒሽ ወደ ረጅም። እንዲህ ያሉት ብዙ ናቸው። ካርፔታ ምንጣፍ ይመስላል፣ ግን የወረቀት ማኅደር ነው። ኤክሲቶ መውጫ በር ይመስላል፣ ግን ስኬት ማለት ነው። ኮንስቲፓዶ ያለ ሰው የሆድ ድርቀት የያዘው ይመስላችኋል፣ እሱ ግን ጉንፋን ነው የያዘው።

ማታ ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብዬ አንድ ነገር ገባኝ። ስፓኒሽን የምማረው በእንግሊዝኛ በኩል ነበር፣ የምማርበት የስልክ አፕም እንደዚያ ነው የሚያስተምረው። ስለዚህ ወጥመዱ ሁሉ የእንግሊዝኛ ተማሪ ወጥመድ ነው። ለምን በአማርኛ አላስበውም? ደብተር ገዛሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ቃል ከአማርኛ ጋር ነው የማጋጥመው፣ እና ስንት ነገር ቀለለኝ መሰላችሁ!

ሰው ሁሉ የሚማረርባቸውን ፖር እና ፓራን ተመልከቱ። በእንግሊዝኛ ሁለቱም አንድ ላይ ይደበላለቃሉ። በአማርኛ ፓራ በአብዛኛው «ለ» ነው፤ ለእናቴ፣ ለዓርብ ይድረስ። ፖር ደግሞ «በ» ወይም «ስለ» ነው፤ በስልክ፣ በዚያ ምክንያት። ፓራ ደሴ ካልኩ መድረሻዬ ደሴ ነው። ፖር ደሴ ካልኩ በደሴ በኩል አልፌ ወደ ወልድያ እየሄድኩ ነው። ሁሌ አይሠራም። «ለሦስት ቀን» ስንል በእኛ «ለ» ነው፣ እነሱ ግን ፖር ይላሉ። እንዲህ ያለውን ለብቻው በቀይ እጽፈዋለሁ።

ሴር እና ኤስታርም እንዲሁ፣ ሁለቱም «መሆን» ማለት ናቸው፣ በእንግሊዝኛ ግን አንድ ግስ ብቻ ነው ያለው። እኔ አሁን በሸሚዝ ነው የማስባቸው። ሸሚዙ የጥጥ ነው ካልኩ ሴር፣ ሸሚዙ ቆሽሿል ካልኩ ኤስታር። ይህን ከማወቄ በፊት ሳምፕሎቹ ዝግጁ ናቸው ብዬ ለስፔኑ ቴክኒሻን ስጽፍ በሴር ጻፍኩት። ሊስቶ የሚለው ቃል በኤስታር ዝግጁ፣ በሴር ደግሞ ብልህ ማለት ነው። ሸሚዞቹ ብልሆች ናቸው ብዬ ነበር የላክሁት። ሰውየው በትህትና አርሞ መለሰልኝ።

በጣም ያስደሰተኝ ግን ኡስቴድ ነው። የእኛ እርስዎ ማለት ነው፣ እንግሊዝኛ የሌለው ነገር። እኛ «እርስዎ መጡ» ስንል ግሱን የምንወስደው ከ«እነሱ መጡ» ነው። ስፓኒሽም ለኡስቴድ ግሱን የሚወስደው ፊት ለፊት ከሌለ ሰው ነው፣ ከ«እሱ»። አክብሮትን በሩቅ ሰው ግስ መናገር በሁለቱም ቋንቋ አለ! የ«ኝ» ድምፅም ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ነገ ማለት ማኛና ነው። እነሱ ኤን ላይ ጭረት ያደርጉበታል፣ እኛ ነ ላይ ጭረት አድርገን ኘ እንደምንለው። አኞ ዓመት ነው፤ ጭረቷን ብትረሷት ግን ለደንበኛ የማይጻፍ የነውር ቃል ይሆናል።

እትዬ አንድ ቀን «እስቲ ለእኔም በአማርኛ ጻፍልኝ» አሉኝ። ትልቅ ካርቶን ላይ ጽፌ ከቲንግ ክፍል ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ላርጎ ርዝመት፣ አንቾ ስፋት፣ ፔቾ ደረት፣ ማንጋ እጅጌ፣ ኩዌዮ ኮሌታ፣ ፑኞ የእጅጌ ጫፍ።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ማዘዣ መጣ። እኔ እስክደርስ እትዬ ከግድግዳው እያዩ ልኬቱን ሁሉ በአማርኛ ሞልተው ጠበቁኝ። አንድ መስመር ብቻ ባዶ ትተዋል። ጣታቸውን አኑረውበት «ይቺን አልጻፍክልኝም» አሉኝ። ታያ ይላል፣ ሳይዝ ማለት ነው። እስክሪብቶ አምጥቼ ካርቶኑ ላይ ጨመርኩት።