አልኮሉ ሲከፈት

የምሠራው ደሴ አቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ፣ ድሬሲንግ (ቁስል የሚታጠብበትና የሚታሸግበት) ክፍል ነው። እግሯ ላይ የፈላ ውሃ የፈሰሰባት ትንሽ ልጅ ከአያቷ ጋር ትመላለስ ነበር። ገና በሩ ጋ ስትደርስ ጩኸቷን ትለቀዋለች። «ሞልቃቃ ናት፣ ያዟት» ይላል ባልደረባዬ።

አንድ ቀን ወረፋ በዝቶ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጣ በጠጠር ስትጫወት አየኋት። ጀርባዋን ሰጥታናለች። ባልደረባዬ መስኮቱ ሥር ያለውን ጠረጴዛ ሊወለውል የአልኮሉን ጠርሙስ ከፈተ። ልጅቷ አልዞረችም፣ የጠራትም የለም። ጠጠሩ ከእጇ ወደቀ። እግሯን ሰብስባ አያቷ ሻርፕ ውስጥ ገባች።

«አብሽሪ የኔ ልጅ፣ ማን ነካሽ?» አሉ አያቷ።

የነካትስ ሽታው ነው። የምናየውና የምንሰማው ነገር ወደ ላይኛው አንጎል ለመድረስ መጀመሪያ ታላመስ በሚባለው ክፍል ያልፋል። ሽታ ግን ከአፍንጫ ጣሪያ ተነስቶ ከአንጎል ፊት ለፊት ሥር ወዳለች ትንሽ ጉብታ ይሄዳል። ከዚያ ታላመስን ሳይጠብቅ አሚግዳላ ይደርሳል፤ ፍርሃት ከሚታተምባቸው ዋና ቦታዎች አንዱ እሱ ነው። ተመራማሪዎቹ ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክሰል እ.ኤ.አ. በ1991 የሽታ ተቀባይ (አፍንጫ ውስጥ ሽታን የሚይዝ ፕሮቲን) ጂኖችን አግኝተው በ2004 ኖቤል ተሸልመውበታል። ሰው 400 ገደማ ዓይነት ተቀባይ አለው። ተቀባዮቹ ግን ሽታውን ይለያሉ እንጂ «ሽሽ» ወይም «ቅረብ» አይሉም። ያንን የሚወስነው ከኋላ ያለው የነርቭ መስመርና ያሳለፍነው ነገር ነው። ለእኔ የአልኮል ሽታ ሥራ መግባት ነው። ለእሷ ፋሻው ከቁስሉ ሲላቀቅ ያለው ሕመም ነው። ይህን ሞልቃቃነት ማለት አግባብ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ማስታገሻውን ቀደም ብለን፣ እዚያው ዛፍ ሥር እንሰጣት ጀመር። ጠረጴዛው ሳትመጣ ይወለወላል፣ መስኮቱ ይከፈታል። ቁስሉ እንደሆነ የሚታጠበው በኖርማል ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) ነው፣ አልኮል አይሻም። አያቷ ደግሞ ከጓሯቸው ጤና አዳም ቀጥፈው ይዘው መጡ። «የቡናችን ሽታ ነው፣ አሽቺው» አሏት። ቁስሉን እንዳይነካ እየተጠነቀቅሁ ተውኩላት። አፍንጫዋ ላይ ለጥፋው ትቀመጣለች።

ትልቁን ሥራ የሠራው ማስታገሻው ይመስለኛል። ሽታው ብቻ ተቀይሮ ሕመሙ ቢቀጥል ጤና አዳሙንም መጥላቷ አይቀርም ነበር። ፍርሃቱም ተፍቆ አልጠፋም፤ አንጎል አዲሱን ልምድ በአሮጌው ላይ ይደርባል እንጂ አሮጌውን አይሰርዝም። ወደ መጨረሻው ግን ፊቷን እንዳጨማደደች እግሯን ራሷ ትዘረጋልኝ ነበር።

የቀረን መርፌ ክፍሉ ነው። እዚያ አልኮል ግድ ነው፣ በሩም ከእኛ በር ጎን ነው። ቃጠሎ ያለባቸው ልጆች በጓሮ በኩል እንዲገቡልን ኃላፊያችንን ጠይቀናል። ባልደረባዬም አብሮኝ ፈርሟል።