የአውሮፕላኔ መቀመጫ በኅዳር ጠዋት

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ስምንት ወር ስለማላባክን ነው። በእጃችሁ ትንሽ አውሮፕላን የምትሠሩ ከሆነ ስለ ክንፉና ስለ ሞተሩ የሚመክራችሁ አታጡም። ስለ መቀመጫው ግን የሚያወራ የለም። ሁሉም «እሱ መጨረሻ ላይ ይደርሳል» ይላል። እኔም ይህንኑ አምኜ ነው የተጎዳሁት።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ሙያዬ ብየዳ ነው፤ በር፣ መስኮት፣ የውኃ ጋን ማቆሚያ እሠራለሁ። አውሮፕላኑ ሁለት ሰው ይይዛል፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ይቀመጣል። ጓሮ ውስጥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር መሥራት ከጀመርኩ አምስተኛ ዓመቴ ነው። ገና አልበረረም። የመብረሪያ ፈቃዱ እስኪሰጠኝ ሞተሩን አስነስቼ ሜዳ ላይ መሬት ለመሬት እነዳዋለሁ።

አካሉን ከብረት ቱቦ በየድኩ። ክንፉን ሸራ አለበስኩ። የወንበሩን አጥንት ከቀጭን ቱቦ፣ ወለሉን ከኮምፔንሳቶ ሠራሁ። ይህ ሁሉ በፕላኑ መሠረት ሄደ፤ ብዙ የሚወራለት አይደለም።

ስለ መቀመጫው ፕላኑ ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው። 10 ሳንቲም ውፍረት ያለው ምቹ ስፖንጅ አድርግ ይላል። እኔም ሶፋ ከሚሠራ ጎረቤቴ ጥሩ የሶፋ ስፖንጅ ገዛሁ። ስቀመጥበት ደስ አለኝ።

ከአየር ኃይል በጡረታ የተገለሉ አንድ ቴክኒሻን እኛ ሰፈር አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። መጥተው በመዳፋቸው ጫን አሉትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ይኼ ለሳሎን ነው። አንተ የምትቀመጠው ለመውደቅ ነው።»

ደነገጥኩ። ከዚያ አስረዱኝ። አውሮፕላን መሬት ሲመታ ወንበሩ ወዲያው ይቆማል። ሰውየው ግን ለስላሳው ስፖንጅ ውስጥ መውረዱን ይቀጥላል። ስፖንጁ ተጨፍልቆ ሲያልቅ ወለሉን የሚያገኘው በአንድ ጊዜ ነው። ያኔ የጀርባ አጥንቱ የሚቀበለው ምት አውሮፕላኑ ከተቀበለው ይበልጣል። ቀጥሎ ደግሞ ስፖንጁ እንደ ሞላ መልሶ ወደ ላይ ይወረውረዋል። ለስላሳ መቀመጫ ከባዶ ጣውላ የከፋ ሊሆን እንደሚችል ያን ቀን ነው የገባኝ።

ማመን አቅቶኝ ሞከርኩት። ከትምህርት ቤት አሎሎ ተዋስኩ። ከአንድ ሜትር ከፍታ ሶፋው ስፖንጅ ላይ ለቀቅኩት። ታችኛውን ጣውላ ጓ አድርጎ መታና ተመልሶ ነጠረ። ድምፁ አሁንም ይሰማኛል።

የሚያስፈልገው በዝግታ የሚመለስ ስፖንጅ ነው። ነጋዴዎቹ ሜሞሪ ፎም ይሉታል። ዛሬ ለፍራሽ ይሸጥ እንጂ አመጣጡ ከአውሮፕላን ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ቻርልስ ዮስት የተባለ መሐንዲስ ለናሳ የአውሮፕላን መቀመጫ ለማሻሻል ሲሠራ ነው ያወጣው። ሲጫኑት ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ሲለቁት ቀስ ብሎ ይመለሳል፣ አይነጥርም። አሎሎውን ስጥልበት ጭቃ ላይ የወደቀ ይመስል እዚያው ቀረ።

እዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

10 ሳንቲም ውፍረት ያለው የሜሞሪ ፎም ፍራሽ አዲስ አበባ አስገዛሁ። ወሩ ሚያዝያ ነበር፤ ማርቆስም ሚያዝያ ላይ ይሞቃል። ከምሳ በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ቆርጬ ወንበሩ ላይ አደረግኩትና ተቀመጥኩ። ወደ 4 ሳንቲም ሰመጠ። ዓይኔ ከሞተሩ ክዳን በላይ ጥሩ አድርጎ ያያል። ከጭንቅላቴ እስከ መስታወቱ ክዳን 3 ሳንቲም ይቀራል። እግሬ ፔዳሉን ሞልቶ ይረግጣል። የወንድሜ ልጅ ሜትር ይዞ ለካ፣ እኔ ጻፍኩ። በዚያ ልክ የትከሻ ቀበቶውን ማሰሪያ በየድኩ። የወገብ ቀበቶውን ቀዳዳ በሳሁ። የመስታወቱን ፍሬም ቆርጬ ዘጋሁ። ሁሉንም በአንድ ከሰዓት በኋላ ልክ!

ከዚያ ክረምቱ ገባ፤ ሥራ ቆመ። ጥቅምት ላይ ከአንድ መሥሪያ ቤት ባለሙያ መጣ። ፎርሙ ላይ ስለ ወንበር የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በሚገባ ታስሯል ወይ የሚል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ በእጁ ጫን አደረገውና ምልክት አደረገ። ቀበቶው ከስፖንጁ ጋር እንዴት መለካት እንዳለበት ጠየቅኩት። «እሱ እኔን አይመለከተኝም» አለኝና ወደ ሚቀጥለው መስመር አለፈ። ሳስበው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ቀለሙ ስንት ጊዜ እንደተቀባ ሩብ ሰዓት ጠየቀኝ። ሰው ስለሚቀመጥበት ነገር ግን አንድ ደቂቃ አልሰጠም።

ኅዳር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠዋት ልነዳው አወጣሁት። ጠዋቱን የመረጥኩት ነፋስ ስለሌለ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። የኅዳርን ብርድ ጎጃም ያደገ ያውቀዋል። ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ቅዝቃዜ አጥንት ይገባል፤ ሣሩ አመዳይ ለብሷል። ወጥቼ ተቀመጥኩ። ድንጋይ ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። የወንድሜ ልጅ መስታወቱን ሊዘጋ ሲል ጭንቅላቴ ላይ አረፈ። ቀበቶው በግድ ደረሰልኝ። ወፍራም ጃኬት ስለለበስኩ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ቀበቶውን አላላሁ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ ሞተሩን አስነሳሁ።

ሜዳውን ወዲያና ወዲህ እየተመላለስኩ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየሁ። ቀስ በቀስ ዝቅ ማለቴን ልብ አላልኩም። ቀስ እያለ ስለሚወርድ ሰውነት አይነግርህም። ድንገት የወንድሜ ልጅ እጁን እያወናጨፈ ሲሮጥ አየሁት። ከሞተሩ ክዳን ፊት ለፊት አንዲት ጥጃ ገብታ ኖሯል። ከፊቴ ያለው መሬት ለእኔ አይታይም። ፍሬን ስይዝ ሰውነቴ ወደ ፊት ሸሸ። ቀበቶው ከደረቴ ላይ ላልቶ ጡጫዬን ያሳልፋል። አጥብቄ ያሰርኩት ቀበቶ! ጥጃዋ ተረፈች። እኔ ግን ሞተሩን አጥፍቼ ለረጅም ጊዜ አልወረድኩም። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አሁን ሳስበው ነገሩ ግልጽ ነው። ያኔ ግን ጥፋቱን የጣልኩት ቀበቶው ላይ ነው። ማያያዣው ይንሸራተታል አልኩ። ሌላ ቀበቶ አስመጣሁ። ወር ጠበቅኩ፣ ገንዘብ ከፈልኩ። አዲሱም ያው ሆነ፤ ጠዋት አይደርስም፣ ቆይቶ ይላላል። የትከሻ ማሰሪያው ተጣሞ ይሆናል ብዬ ብየዳውን መረመርኩ። ደህና ነው። ከሁለት ወር በላይ የማይታመመውን ቦታ ሳክም ከረምኩ።

መልሱን ያገኘሁት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። እማዬ ግቢውን ስታጠርግ ስፖንጁን አውጥታ ግድግዳ ተደግፎ እንዲናፈስ አቆመችው። ግማሹ ፀሐይ ያገኘዋል፣ ግማሹ ጥላ ውስጥ ነው። ላነሳው ስይዘው አንዱ እጄ ገባ፣ ሌላው እጄ አልገባም። ፀሐይ ያገኘው ጎን እንደ ሊጥ ነው። ጥላ ያለው ጎን እንደ ጣውላ ነው። እዚያው ቁጭ አልኩ። ይህ ስፖንጅ በብርድ ይደድራል፣ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ጠዋት የምሰምጠው 1 ሳንቲም ብቻ ነው። ገላዬ ሲያሞቀው 4 ሳንቲም እወርዳለሁ። መስታወቱን በ3 ሳንቲም ትርፍ የዘጋሁት ሰውዬ የማን ጭንቅላት እንዲተርፍ ነበር የጠበቅኩት?

ከዓይንና ከጭንቅላት የባሰም አለ። የትከሻ ቀበቶ ማሰሪያ ከትከሻ በታች መሆን የለበትም። ዝቅ ካለ ግጭት ሲመጣ ትከሻን ወደ ታች ይስባል፤ የጀርባ አጥንትን እንደ ጆንያ ይጨመድዳል። እኔ የበየድኩት ከሰመጥኩ በኋላ ባለው ትከሻዬ ልክ ነው። ጠዋት 3 ሳንቲም ከፍ ብዬ ስቀመጥ ማሰሪያው ከትከሻዬ በታች ይቀራል። ማለትም በጣም ደህና ነኝ ብዬ በማስብበት ሰዓት ራሴ የሠራሁት ቀበቶ ሊሰብረኝ ይችል ነበር።

ማሰሪያውን ቆርጬ እንደገና በየድኩ። የመስታወቱን ፍሬም ከፍ አደረግኩ፤ መስታወቱ አንድ ጥግ ላይ ተሰነጠቀብኝና ሌላ ገዛሁ። አካሉ ላይ የቆረጥኩበት ጠባሳ ከቀለሙ ሥር ይታያል። ባየሁት ቁጥር ይቆጨኛል።

አሁን እንዴት እንደሠራሁት ልንገራችሁ። ታችኛው ድርብ ደረቅ፣ ውኃ የማይመጥ ስፖንጅ ነው፤ ዕቃ ሲታሸግ ከኤሌክትሮኒክስ ጋር የሚመጣው ዓይነት። እሱ ብርድና ሙቀት ብዙም አይለውጠውም። ውፍረቱ 3 ሳንቲም ነው። ከላዩ በዝግታ የሚመለሰው ስፖንጅ ሁለት ሳንቲም ተኩል ብቻ። ስለቀጠነ በደቂቃዎች ገላ ያሞቀዋል፤ ቢደድርም ቢለሰልስም ልዩነቱ ከ1 ሳንቲም አይበልጥም። ፕላኑ 10 ሳንቲም ይበል እንጂ ለደጋ አገር 10 ሳንቲም አይሆንም እላለሁ። ምቾት የሚመጣው ከውፍረት አይደለም። የወገብ ድጋፍ ትክክለኛው ቦታ ላይ ካለ ቀጭን መቀመጫ ላይ ሁለት ሰዓት ትቀመጣላችሁ። ያንን ቦታ ያገኘሁት ጋቢ ጠቅልዬ ከጀርባዬ እየከተትኩ፣ ከፍ ዝቅ እያደረግኩ ነው። ሲስማማኝ በጠመኔ ምልክት አደረግኩና በዚያ ልክ ስፖንጅ ቆረጥኩ።

እሳቱንም አትርሱ። ተራ ስፖንጅ ሲቃጠል የሚያወጣው ጭስ ሰው የሚገድል ነው፤ ሳይናይድ የሚባል መርዝ አለበት። ለትልልቅ አውሮፕላኖች የሚሠራበት አንድ ፈተና አለ። ቁራጩን ቀጥ አድርጎ ሰቅሎ ከሥሩ ለ12 ሴኮንድ እሳት መያዝ ነው። እሳቱን ከሥሩ ካራቁት በኋላ ቁራጩ በ15 ሴኮንድ ውስጥ በራሱ መጥፋት አለበት። ለእኛ ዓይነት አውሮፕላን አያስፈልግም የሚሉ አሉ። አልስማማም። ደጅ ላይ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ባልዲ ውኃ አጠገባችሁ አድርጋችሁ፣ ጭሱን ሳትስቡ ሞክሩት። የመጀመሪያው ስፖንጄ እየቀለጠ፣ እየተንጠባጠበ እስከ ጫፉ ነደደ። ስፖንጅ የሚሸጥልኝ ሰው «አይነድም» ብሎ ምሎልኝ ነበር። ቁራጭ ሳይሞክሩ የሻጭን መሐላ አትግዙ።

ለልብሱ የመረጥኩት የበግ ፀጉር ባና ነው። ሐሳቡ የእማዬ ነው። «ሱፍ እሳት ቶሎ አይበላውም፤ ምድጃ ዳር ስንቀመጥ ስንት ዘመን አይተነዋል» አለችኝ። ሞከርኩት፤ ጠቆረና ጠፋ። ለወንበር ልብስ ሱፍ የሚጠቀሙ አየር መንገዶችም አንዱ ምክንያታቸው ይኸው ነው። አጎዛም ልትሰጠኝ ፈልጋ ነበር፤ ከፍታውን ስለሚለውጥብኝ እምቢ አልኳት። ትንሽ ቅር ብሏታል።

ሌላው መሪው ዱላ ነው። ዱላውን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሳቡት፤ የመቀመጫው አፍንጫ እንዳይነካው። የእኔ ነክቶት ነበር። በማረፍ ላይ የመጨረሻዋ ስንዝር ነች የምታስፈልገው። ስፖንጁን መሐል ላይ ግማሽ ክብ አድርጌ ቆርጬ አወጣሁ። መቀመጫውም እንዳይንሸራተት ወለሉ ላይ በቬልክሮና በሁለት ማሰሪያ ያዝኩት። አውሮፕላኑ ሲነሣ ወደ ኋላ የሸሸ መቀመጫ ሰውን ከፔዳሉ ያርቃል። ማስቲሽ ግን አትቀቡበት፤ ወለሉን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። ሲያልቅም በሚዛን መዝኑት። ፊተኛው መቀመጫ ከነልብሱ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ሆነ። የክብደት ወረቀቱ ላይ ጻፍኩት።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ ከፕላኑ ጋር ለይቶልናል። መቀመጫው መጨረሻ ላይ ነው ይላል፤ እኔ መጀመሪያ ላይ ነው እላለሁ። አጥንቱ እንደቆመ፣ አንድ ቀበቶ ሳይበየድ፣ አንድ የመስታወት ፍሬም ሳይቆረጥ። ጃኬታችሁን ለብሳችሁ፣ የምትበሩበትን ጫማ አድርጋችሁ፣ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተቀመጡ። ለኩ። አንድ ሰዓት ሳትነሡ ቆዩ። እንደገና ለኩ። ከሰዓት በኋላም ድገሙት። ቀበቶውን የምትበሱት ከዚያ በኋላ ነው።

ባለፈው ጥር እንዲሁ አደረግኩ። ቀበቶውን ካሰርኩ በኋላ ማያያዣው ጋ በቀይ እስክሪብቶ መስመር አሰመርኩ። አንድ ሰዓት ከሩብ ቆየሁ፤ ጋሼ ከጎኔ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ስወርድ መስመሩን አዩት። ካሰመርኩበት የአንድ ጣት ውፍረት እንኳ አልራቀም። «እንግዲህ የኋላውን ጀምር» አሉኝ። የኋላው ወንበር ስፖንጅ ተቆርጧል፤ ባናው ገና አልተሰፋም።