ሐይቅን በቀትር ለክቼ ተሸወድኩ

ደሴ ሆኜ ሳስበው ቀላል ነበር። «ሐይቅ» የሚባለው የወሎው ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በሚኒባስ ሄጄ፣ ውሃውን ለክቼ፣ ማታ ቤቴ እገባለሁ አልኩ።

ስደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ቄጠማው ዳር፣ ውሃው አረንጓዴ በሆነበት ጥግ የኦክስጅን መለኪያዬን ነከርኩት። ኦክስጅኑ ሞልቶ ተርፏል። «ጤነኛ» ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። በታንኳ የወሰዱኝ ዓሣ አስጋሪ ሳቁብኝ። «አብሽሪ ልጄ፤ ዓሣው አየር ሲያጥረው ማየት ከፈለግሽ ጎህ ሲቀድ ነይ።»

አደርኩ። ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያው ቦታ ነከርኩ። የትናንቱን ግማሽ እንኳ አልሞላም። ውሃውን አረንጓዴ ያደረገው አልጌ ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ያመርታል፤ ሌሊት ግን እሱም ከዓሣውና ከባክቴሪያው ጋር ይሻማል። ፒኤቹም (የውሃው አሲድነት የሚለካበት ቁጥር) ቀን ከፍ፣ ሌሊት ዝቅ ይላል። ይህን እኮ ተምሬዋለሁ! እያወቅኩት ነው የተሸወድኩት።

ሌላም ጉድ አለ። ሐይቁ ያለው 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ሳሳ ይላል። መለኪያውን አየር ላይ ሳስተካክል ከፍታውን አልሞላሁለትም። ከእውነቱ አስበልጦ ሲያነብልኝ ዋለ።

የባክቴሪያ ናሙናውማ አይነሳ። በባዶ ሃይላንድ ቀዳሁ፤ በረዶው መንገድ ላይ ቀለጠ። ደፋሁት። አሁን ከጀርም የጸዳ ጠርሙስ ነው የምይዘው። አፉን ደፍቼ ከስንዝር በላይ አጠልቅና እዚያው ውስጥ አቀናዋለሁ፤ ላይ የተንሳፈፈው እንዳይገባ። ከዚያ በበረዶ ሳጥን፣ 4 ዲግሪ አካባቢ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ።

ሐይቅ የአንከርካ ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ከማሳው ታጥቦ የገባ ማዳበሪያ እዚያው ይከርማል። አንድ ቀን ለክቶ መሄድ ምን ይፈይዳል? እኔ ደግሞ በየሳምንቱ ከደሴ አልመላለስ።

ስለዚህ ሴኪ ዲስኬን ለዓሣ አስጋሪው ተውኩላቸው። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በጥቁርና በነጭ አራት ቦታ የተቀባ ክብ ነገር ነው። በገመድ ይወርዳል፤ ከዓይን የሚጠፋበት ጥልቀት ውሃው ምን ያህል እንደጠራ ይናገራል። ይሄኛው ደግሞ ጎህ አይወድም፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው የሚለካው።

ባለፈው ደወሉልኝ።

«ዛሬ አራት ክንድ ላይ ጠፋ።»

«በስንት ሰዓት ለኩት?»

«ስድስት ሰዓት ላይ ነዋ፤ በታንኳው ጥላ በኩል። ደግሞ እንደ አንቺ መሰልኩሽ?»