የመጀመሪያው ደመወዝ ላይ የሚቀረውና የሚቀነሰው፦ ለጎጃም አዲስ የጤና ምሩቃን

የጤና ትምህርት ጨርሶ የሚወጣ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ይከፍላሉ?» ነው። በመንግሥት ቤት የመልሱ ትልቁ ክፍል የታወቀ ነው፤ ሞጣ ተቀጠራችሁ ቡሬ፣ ለአንድ የሥራ መደብ ያለው መነሻ ደመወዝ አንድ ነው። በአንድ ዓመት የተመረቁ ሁለት ነርሶች ከአምስት ዓመት በኋላ የተለያየ ቦታ የሚገኙት በሌላ ምክንያት ነው። አንዷ የዲዩቲ (ከመደበኛ ሰዓት ውጪ የሚሠራ የተረኝነት ሥራ) ፎርሟንና የምደባ ደብዳቤዋን ተከታትላለች፣ ሌላዋ «ያው ይሠሩታል» ብላ ትታዋለች።

ከሂሳቡ እንጀምር። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪ ጀማሪ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። የጤና መደቦች በነጥብ ተመዝነው ደረጃ ስለሚሰጣቸው የእናንተ ከዚህ ሊለይ ይችላል፤ ሐኪም፣ ፋርማሲስትና ነርስ አንድ ደረጃ ላይ አይቀመጡም። ስሌቱን ግን በዚህ ቁጥር እንሥራው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ባለው የገቢ ግብር ማስከፈያ እስከ 2,000 ብር ግብር የለም፣ ከ10,001 እስከ 14,000 ብር ያለው 30 በመቶ ይከፈልበታል። የሂሳብ ክፍሎች የሚጠቀሙበት አቋራጭ አለ፦ 11,500 ሲባዛ በ30 በመቶ 3,450፣ ከዚያ ላይ 1,350 ሲቀነስ ግብሩ 2,100 ብር ይሆናል። ጡረታ ከመሠረታዊ ደመወዝ 7 በመቶ ማለትም 805 ብር ነው። እጃችሁ የሚገባው 8,595 ብር። ለጡረታው መሥሪያ ቤቱ በራሱ በኩል 11 በመቶ ይከፍላል፤ ይህ ከእናንተ አይቆረጥም።

ኮስት ሼሪንግ (የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ወጪን ከደመወዝ ለመመለስ የሚገባ ውል) የፈረማችሁ ከሆነ ከዚህም ይወርዳል። መነሻው ከወር ገቢ 10 በመቶ ነው። በዚህ ምሳሌ 1,150 ብር ሲነሳ 7,445 ይቀራል። የቤት ኪራይ ስትዋዋሉ በዚህኛው ቁጥር አስቡ እንጂ በ11,500 አትመኩ። የተቆረጠበትን ማስረጃ በየጊዜው ያዙ፤ ኋላ ዋናውን ዲግሪ ስታወጡ «ስንት ቀረ?» የሚለው ክርክር የሚያልቀው በደረሰኝና በፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) ቅጂ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዲዩቲ። ገንዘቡ የሚጠፋው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ጊዜ እንስጠው። የዲዩቲ ክፍያ በሰዓት ይታሰባል፣ ከደመወዝ ጋር ተደምሮም ግብር ይቆረጥበታል። 11,500 ላይ 2,000 ብር ዲዩቲ ብትሠሩ 600ው ግብር ነው፣ 1,400 ይደርሳችኋል። ጡረታ ግን አይቆረጥበትም። ክፍያው እንዲመጣ አራት ነገር መገጣጠም አለበት፦ ስማችሁ በጸደቀው የወሩ ስኬጁል (የተረኞች ዝርዝር) ላይ መኖሩ፣ በመግቢያና መውጫ መዝገብ ላይ መፈረማችሁ፣ የክፍል ኃላፊውና ሜትሮኗ (የነርሶች ኃላፊ) ወይም ሜዲካል ዳይሬክተሩ ማረጋገጣቸው፣ ከዚያም ፎርሙ ወር ሳያልፍ ሰው ሀብትና ፋይናንስ መድረሱ።

ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በመቀያየር ነው። ጓደኛ «ቅዳሜን ያዝልኝ፣ ማክሰኞን እይዝልሃለሁ» ይላል፣ ይስማማሉ፣ ይሠራሉ። ስኬጁሉ ላይ ግን ቅዳሜ የተጻፈው የጓደኛ ስም ነው። ፋይናንስ የሚያየው ስኬጁሉንና መዝገቡን ስለሆነ፣ ሁለቱ ካልተስማሙ ወይ ለማንም አይከፈልም ወይ ላልሠራው ይከፈላል። ስለዚህ ቅያሬ በቃል አይደረግ፤ የሁለቱም ፊርማ ያለበት አንድ መስመር በስኬጁሉ ግርጌ ተጽፎ ኃላፊው ይፈርምበት። ሁለተኛው ችግር መዝገቡን በማግስቱ መፈረም ነው። ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ሲጨናነቅ ሰው ይረሳል፣ ጠዋት ሲመለስ ገጹ በቀጣዩ ተረኛ ተዘግቷል። በግል ደብተራችሁ ቀኑን፣ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት፣ አብሯችሁ የነበረውን ሰው ስም ጻፉ፤ ክርክር ሲነሳ ከባዶ እጅ ይሻላል።

ሦስተኛው በጀት ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ለዲዩቲ የተያዘው ገንዘብ ቀድሞ ካለቀ የሚያዝያና የግንቦት ዲዩቲ ይንከባለላል። ያልተከፈለው በተከፋይ ሂሳብ (መሥሪያ ቤቱ ያለበት ዕዳ ሆኖ) ሳይያዝ ዓመቱ ከተዘጋ በአዲሱ በጀት ማስከፈል አቀበት ነው። በሰኔ አጋማሽ «የኛ ተይዟል ወይ?» ብላችሁ በጋራ፣ በጽሑፍ ጠይቁ። ሆስፒታል የራሱ ፋይናንስና የውስጥ ገቢ ስላለው ነገሩ እዚያው ግቢ ያልቃል። የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ግን የሚከፈለው በወረዳው ፋይናንስ ፑል (የበርካታ መሥሪያ ቤቶችን ሂሳብ በጋራ የሚሠራ ቢሮ) ስለሆነ ወረቀቱ አንድ ተጨማሪ ቢሮ ይዞራል፣ መዘግየቱም በዚያው ልክ ነው። ደግሞ የሦስት ወር ውዝፍ በአንድ ጊዜ ሲከፈል ግብሩ በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲሰላ ጠይቁ። በላይኛው ምሳሌ በወር 2,000 የሆነው ዲዩቲ የሦስት ወሩ 6,000 ብር በአንድ ወር ላይ ከተደመረ ገቢው 14,000ን አልፎ 35 በመቶ ውስጥ ይገባል፣ 175 ብር በትርፍ ይሄዳል። ትንሽ ነው፣ ግን የእናንተ ነው።

እድገትን በተመለከተ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሲደበላለቁ እናያለን። የእርከን ጭማሪ በዚያው ደረጃ ውስጥ ወደ ጎን መሄድ ነው፤ በሥራ አፈጻጸም ውጤት ላይ ተመሥርቶ በየሁለት ዓመቱ ይታሰባል፣ በጀት ከሌለ ይዘገያል። የሙያ መሰላል ደግሞ ከፕሮፌሽናል 1 ወደ 2፣ ከዚያ በላይ መውጣት ነው፤ የአገልግሎት ዘመንና የአፈጻጸም ነጥብ ይጠይቃል፣ ደመወዙንም በግልጽ የሚለውጠው እሱ ነው። ሁለቱም የሚቆጠሩት በማኅደራችሁ ባለው ወረቀት ነው። የስድስት ወር የአፈጻጸም ምዘና ሳይሞላ ከቀረ፣ ወይም ተሞልቶ ሳይፈረም መሳቢያ ውስጥ ከቆየ፣ በመሰላሉ ቀን «ውጤት የለውም» ትባላላችሁ። ምዘናው ሲሞላ ኮፒ ጠይቁ፤ ማንም ቅር ሊለው አይገባም።

የምደባ ደብዳቤው ላይ የመደቡ መጠሪያ፣ ደረጃው፣ ደመወዙና ሥራ የጀመራችሁበት ቀን ይኑር። የሙከራ ጊዜ ሲያልቅ የቋሚነት ደብዳቤ በራሱ አይመጣም፤ ቀኑን ቆጥራችሁ ሂዱና ጠይቁ። ያለ ቋሚነት ደብዳቤ ዝውውርም ሆነ የትምህርት ውድድር አይታሰብም።

ስለ ሙያ ፈቃድ አጭር ነገር። ዲግሪ ያለው የመውጫ ፈተናውን፣ ከዚያም የጤና ሚኒስቴርን የብቃት ምዘና ማለፍ አለበት፤ በቴክኒክና ሙያ ደረጃ 4 ያለው ደግሞ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ምዘና)። የሚያሰናክለው ግን ብዙ ጊዜ ፈተናው ሳይሆን ስም ነው። ፋይዳ መታወቂያ ላይ «ኃይለ»፣ ትራንስክሪፕት ላይ «ሀይለ»፣ በላቲን ፊደል ደግሞ ሌላ። ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ አድርጉት፤ ፈቃዱ ከወጣ በኋላ ማስተካከል ወራት ይበላል።

መደብ እስኪወጣ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ግል ክሊኒክ የምትገቡ ብዙ ናችሁ፤ ፈቃድ ይዞ ሥራ መጠበቅ ከነርስ እስከ ሐኪም ደርሷል። እዚያ የሚገዛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው። የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 አንድ ከሦስት አራተኛ፣ በሳምንት እረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ስትስማሙ «የተጣራ ነው ያልተጣራ?» ብላችሁ ጠይቁ። በፔሮል ላይ ትንሽ ደመወዝ አስፈርሞ ቀሪውን በእጅ የሚሰጥ ቤት ለጊዜው ደስ ያሰኛል፤ ጡረታችሁም፣ የሥራ ልምዳችሁም፣ ስትለቁ የሚሰላው ክፍያም ግን በትንሹ ነው። መንግሥት መሥሪያ ቤት የግል ልምድ ሲይዝ ግብር የተከፈለበት መሆኑን ይጠይቃል። «በነፃ ላገልግል» ብሎ መግባት ደግሞ እጅ ያለማምዳል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ልምድ አይያዝም።

ትምህርት ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ፣ ከዲግሪ ወደ ማስተርስ ስትሉ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ደብዳቤ ሳትይዙ አትመዝገቡ። ዲግሪ መያዝ ብቻውን ደመወዝ አይለውጥም፤ የሚመጥን ክፍት መደብ ሊኖር ይገባል። ማስተርስ የሚፈልግ አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ አለበት። በእኛ ግምት አንስቴዥያ፣ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርሲንግና ድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን ነርሲንግ መደብ ከሚገኝባቸው መካከል ናቸው፤ ሰው የሞላበትን መስክ ተምሮ ወረፋ መጠበቅ አያዋጣም። ሬዚደንሲ (የስፔሻሊስትነት ሥልጠና) የምትገቡ ሐኪሞች ስፖንሰሩ የሚያስፈርመውን ውል የግዴታ ዓመታት ቁጥርና ካፈረሳችሁ የሚጠየቀውን ገንዘብ ሳታነቡ አትፈርሙ።

ቦታ ምረጡ ከተባላችሁ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከባሕር ዳር ግል ክሊኒክ ይልቅ እንደ ቢቸና ያለ ትንሽ ከተማ ሆስፒታል እንመርጣለን፤ ኪራዩ ይቀላል፣ በእጅ የሚሠራው ሥራ ይበዛል። ባሕር ዳር ለመግባት ያሰበ ደግሞ ይህን ይወቅ፦ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የክልሉ ነው፣ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው። በክልሉ ስር ካለ ሆስፒታል ወደ ፈለገ ሕይወት ዝውውር መጠየቅ ይቻላል፤ ወደ ጥበበ ግዮን ግን አሠሪው ሌላ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ በማስታወቂያ መወዳደር ነው። ስትለቁ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጡ፣ ገቢ የተደረገበትን ቁጥርና ማኅተም ያለበትን ኮፒ ያዙ፣ ክሊራንስ (ከመሥሪያ ቤቱ ዕዳና ንብረት ነፃ መሆን) ጨርሱ። የሥራ ልምድ ማስረጃው ላይ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ በምን መደብ፣ በስንት ብር ደመወዝ እንደሠራችሁ መጻፉን ከቢሮው ሳትወጡ አንብቡ።