ዘሩን አትስደቡት

ድሬ ላይ ዘር ካልበቀለ የሚወቀሰው ሻጩ ነው። «አቦ፣ የሞተ ዘር ሸጠልኝ!» ይባላል። ችግኝ አፍልቼ ስለምሸጥ ወቀሳው ሳቢያን ያለው ግቢዬ ድረስ ይመጣል። የሞተ ዘር የለም አልልም። ግን እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው፣ መቼ ዘራችሁ? ምን ውሃ አጠጣችሁ? ብዬ ነው።

በግንቦት ጎረቤቴ ሰላጣ አልበቅል ብሏት ፓኬቱን ይዛ መጣች። ሶፍት አርጥበን ዘሩን ሁለት ሰሃን ላይ በተንነው። አንዱን የውሃ ጋኑ ሥር፣ ሌላውን ቆርቆሮው ጣሪያ ሥር አስቀመጥን። ጋኑ ሥር ያሉት ነጭ ጫፋቸውን ቀድመው አወጡ። ቆርቆሮው ሥር ያሉት አበጡና ዝም አሉ። ሰላጣ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ መብቀሉን ያቆማል። አልሞተም፣ ወደ ቀዝቃዛው ስናመጣቸው ብዙዎቹ ተነሱ። ማሽላ ግን ሌላ ነው፤ 30 ዲግሪ ይመቸዋል።

ወደ ጨው ስንመጣ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር እያሳየን «ውሃችን ጨው ነው» እንላለን። እሱ በአብዛኛው ኖራ ነው፤ የከርሰ ምድር ውሃችን የኖራ ድንጋይ አቋርጦ ይመጣል። ዘርን ይበልጥ የሚጎዳው እንደ ገበታ ጨው ያለው፣ ሶዲየምና ክሎራይድ ነው። መጀመሪያ ውሃ ይከለክለዋል። ዘሩ እርጥብ አፈር ውስጥ ተቀምጦ መሳብ ያቅተዋል፤ ቋንጣ ላይ የምንነሰንሰው ጨው የሥጋውን ውሃ እንደሚያወጣው ማለት ነው። ቶሎ በንጹህ ውሃ ከታጠበ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ከቆየ ግን ጨው ውስጡ ገብቶ ይመርዘዋል።

ጨውና ሙቀት ሲገናኙ ነው ጉዱ። በሙቀት ትንሽ ትንሽ እየረጨን ስናጠጣ ውሃው ይተናል፣ ጨው ላይኛው አፈር ላይ ይቀራል። ዘሩም ያለው እዚያው ነው። ስለዚህ ከመዝራቴ በፊት መደቡን አንዴ በደንብ አጠጣዋለሁ፤ ውሃው መውረጃ ካለው ማለቴ ነው። አዋሽ ሸለቆ፣ አሚባራ አካባቢ መስኖው መውረጃ አጥቶ የከርሰ ምድሩ ውሃ ጨውን ይዞ ወጣና ሰፊ የጥጥ መሬት አበላሸ። ዘሩንም ጨው በሚሰበሰብበት የመደቡ አናት ላይ አልዘራም፤ ጎኑ ላይ ነው የምዘራው። ከላይ እርጥብ ጆንያ አለብሰዋለሁ። ቡቃያው ብቅ ሲል ጆንያው በዚያኑ ቀን ይነሳል።

ሰብሉም ይለያያል። በመስኖ ባለሙያዎች ሠንጠረዥ የቦሎቄ ምርት የአፈሩ ጨዋማነት ከ1 ዴሲሲመንስ በሜትር (የጨዋማነት መለኪያ ነው) ሲያልፍ መቀነስ ይጀምራል፤ ማሽላ እስከ 6.8 ይችላል። ቁጥሩ ግን ስለ ምርት እንጂ ስለ መብቀል አይደለም። ገብስ እንኳ ካደገ በኋላ ጨው ቻይ ሆኖ፣ ገና ሲወጣ ይቸገራል። ካሮትና ሽንኩርትማ ጨው ባይነካቸው ይሻላቸዋል።

ሰላጣ እኔ የምዘራው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። በግንቦት ያማረኝ ቀን ከሐረማያ በኩል የሚወርደውን ቀፊራ ገበያ ሄጄ እገዛለሁ።