የእንስራ ጆሮ

ዛሬ ጠዋት ሸዋ በር፣ እናቴ ግቢ የውሃ ቧንቧ ሊቀበር ሲቆፈር ልጁ አንዲት ገል ከአፈር ጋር አውጥቶ ወረወራት። ጎረቤታችን እማማ አንስተው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጓት። «ልጄ፣ ይሄ እኮ የእንስራ ጆሮ ነው» አሉኝ። ውሃ በእንስራ ተሸክመው ነው ያደጉት፣ አንዴ ዳሰስ አድርገው አወቁት።

ገልብጬ ሳየው ከውስጥ በኩል ጎድጎድ ያለ ነገር አለ። የአውራ ጣት አሻራ! ሸክላ ሠሪዋ ጆሮውን ከውጭ ስትለጥፍ፣ እርጥቡ ጭቃ እንዳይሰረጉድባት በሌላ እጇ ከውስጥ ደግፋው ኖሯል። የእንስራ አንገት ጠባብ ነው፤ ባይሰበር ኖሮ ይሄን አሻራ ማንም አያየውም ነበር። ጣቴን አስገባሁበት። የኔ ይሰፋል። ስሟን አላውቅም፣ ጣቷ ግን ይኸው።

በደንብ የተተኮሰ ሸክላ ይሰበራል እንጂ አይበሰብስም። ለዚህ ነው የጥንቱን የሚያጠኑ ሰዎች ገል የሚለቅሙት። የሸክላ ድስት የበሰለበትን ቅባት ወደ ውስጡ ይመጥጣል፣ ያ ቅባት ከሺህ ዓመታት በኋላም ላቦራቶሪ ውስጥ የወተት ይሁን የሥጋ ሊለይ ይችላል። አክሱምና አዱሊስ ላይ ደግሞ ዛሬ ዮርዳኖስ ካለችው አቃባ በመርከብ የመጡ የማሰሮ ስብርባሪዎች ተገኝተዋል። የአክሱምን ዘመን ንግድ የሚመሰክረው ይሄ ተሰብሮ የተጣለ ዕቃ ነው።

እማማ ለፍም ማንሻ ትሆነኛለች ብለው ሊወስዷት ነበር፣ ለምኜ አስቀረኋት። አሁን መስኮቱ ላይ ናት።